በኮሮላ እስከ አርባ ምንጭ ከልጆች ጋር፣ መንገዱን እንዴት ላድርገው?

ባለ ኮሮላ

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ለፈረንጆቹ ገና እረፍት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከሜሪላንድ ትመጣለች። ልጆቹ 10 እና 6 ዓመታቸው ነው፣ አገሩን አይተውት አያውቁም፣ በስልክ ባገኘኋቸው ቁጥር «አንበሳ እናያለን ወይ» ነው ጥያቄያቸው። አስጎብኚ ድርጅት ከመቅጠር እኔው ራሴ ልንዳቸው ብዬ ወስኛለሁ። መኪናዬ ኮሮላ ናት፣ አርጅታለች ግን ደህና ናት። አምስት ሰው ሆነን ታኅሣሥ 15 ከአዲስ አበባ ተነስተን 23 ላይ መመለስ አለብን።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ባቱ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ነጭ ሳር፣ ዶርዜ፣ ከዚያ ተመልሰን ባሌ፣ በአሰላ አድርገን አዋሽ ፓርክ፣ ከዚያ ቤት። ይሄ ይቻላል? ኮሮላዋስ ትችለዋለች? ልጆቹ መዋኘት ይፈልጋሉ፣ የትኛው ሐይቅ ላይ ልልቀቃቸው? የምታውቁ እባካችሁ በደንብ ንገሩኝ።

የሐዋሳ ልጅ

ወንድሜ፣ አሳብህ ደስ ይላል ግን መንገዱን በግማሽ ቀንሰው። በዚህ አካሄድ ልጆቹ የሚያዩት የመኪናውን ጣሪያ ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሌ ሌላ አቅጣጫ ነው፣ አዋሽም ሌላ። ሁለቱን ለሌላ ጊዜ ተዋቸውና ሐይቆቹን ተረጋግታችሁ እዩ።

ሌላው ትልቁ ነገር ቀኑ ነው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ነው። ሐዋሳ ገብርኤል የሚመጣውን ሕዝብ ካላየኸው አታምነውም። ከ17 ጀምሮ ባዶ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው፣ መንገዱም በአውቶቡስና በሚኒባስ ይጨናነቃል። አንተ ባወጣኸው ፕሮግራም ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ነው እኛ ጋ የምትደርሰው። ስለዚህ ጉዞውን ገልብጠው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርገህ መጀመሪያ አርባ ምንጭ ውረድ። በዚያ በኩል መንገዱም አጠር ይላል። ሐዋሳን ስትመለስ ታገኛታለህ፣ 20 ላይ እንግዳው ወጥቶ ከተማው ይተነፍሳል።

በቡታጅራ መስመር ጢያ ላይ ቁሙ። ትክል ድንጋዮቹ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ ነው በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት። ከመንገዱ ዳር ስለሆኑ ጊዜ አይወስዱባችሁም፣ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ሰይፍ መቁጠር ይወዳሉ።

ሐዋሳ ስትገቡ ጠዋት ማለዳ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ሌሊት የተጣለውን መረብ ይዘው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ዓሣው እዚያው ይታረዳል፣ አባ ኮዳዎቹ ሰው ሳይፈሩ መሀል ገብተው አንጀቱን ይሻማሉ። አንድ አባ ኮዳ ከስድስት ዓመት ልጅ ቁመት አያንስም፣ እና ትንሹን ልጅ እጁን ያዙት። ጉሬዛና ጦጣም ዛፉ ላይ ሞልቷል። ጦጣዎቹ ከእጅ ላይ ስለሚነጥቁ ሙዝና ብስኩት ሜዳ ላይ አታውጡ። ሲጨርሱ የዓሣ ሾርባና ለብለብ እዚያው አለ።

ዋና ላንጋኖ ብቻ። ውሃው ቡናማ ስለሆነ የቆሸሸ ይመስላል፣ ግን ከብልሃርዚያ ነፃ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ የሚዋኝበት እሱ ነው። ባቱም ሐዋሳም ላይ ልጅ ውሃ አታስገቡ። አባያና ጫሞ አዞ አለባቸው፣ ዳር ቆሞ እግር መታጠብም ቢሆን አይታሰብም።

ስኮርታ

የመኪናውን ነገር እኔ ልናገር፣ ይሄን መስመር ሥራዬ ብዬ ስነዳው ነው የኖርኩት። ኮሮላው አርባ ምንጭ ድረስ ይገባል። ነጭ ሳር ውስጥ ግን በጭራሽ። ከከተማው ወጥቶ የእግዜር ድልድይን አልፎ ሜዳው ድረስ ያለው መንገድ ድንጋይና ገደላገደል ነው፣ ከፍ ያለ ፎር ዊል ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ላይ ለአንድ ቀን ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራይ፣ ያንተ መኪና ሆቴል ትረፍ። የሜዳ አህያውን የምታዩት ማዶ፣ ሣሩ ሜዳ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ላይ ብትሆኑ ጥሩ ነው። ፀሐይ ከከረረች በኋላ እንስሳው ጥላ ፍለጋ ይገባል።

አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲጫን ኮሮላ ሆዷ ይወርዳል፣ በየከተማው ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይልጋታል። ሻንጣ ቀንሱ። ከመነሳትህ በፊት አሞርዛተሩን አሳይ፣ ፍሬኑን አሳይ፣ ራዲያተሩን አሳይ። ስኮርታውን ደግሞ ከኋላ ኮፈኑ አውጥተህ ንፋስ እንዳለው ራስህ እይ፣ ክሪኩ መሥራቱንም ሞክር። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ በከተማና በከተማ መካከል ግን ያለኸው አንተው ነህ።

ነዳጅ ግማሽ ሲሆን ሙላ። «ቀጣዩ ማደያ ላይ» አትበል፣ ቀጣዩ ላይ ሰልፍ ይሆናል ወይ አልቋል ይሉሃል። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ስለሆነ ስልክህ ቻርጅ ይኑረው። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መንጃ ፈቃድ አንድ ላይ አድርገህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጥ፣ ኬላ ላይ ሻንጣ ስትፈትሽ እንዳትቆም።

ከ11 ሰዓት በኋላ አትንዳ። ይሄን ብቻ ብትሰማኝ ይበቃኛል። ማታ ላይ ከብት ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ጋሪና ባጃጅ ያለ መብራት ይሄዳል፣ የተበላሸ ሲኖትራክ መሀል አስፋልት ላይ ቅጠል ተደርጎለት ቆሞ ታገኛለህ። ከሶዶ በታች በተለይ የከብቱ መንጋ መንገዱን ሙሉ ይዞ ይመጣል። ክላክስ ብታደርግ በሬው ይደነግጥና ወዳንተ ነው የሚዞረው። ቁም፣ እረኛው ያሳልፍሃል።

ዶርዜ ስትወጡ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ቀስ ብለህ በአንደኛና በሁለተኛ ትወጣዋለህ። ስትወርድ በማርሽ ውረድ እንጂ ፍሬን ላይ አትተኛ፣ ጠመዝማዛው ላይ ይግልና አልይዝ ይልሃል። ላይ ብርድ አለ፣ ጃኬት ያዙ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል፣ ቆጮው ሲጋገርም ታያላችሁ።

ዲንሾ

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ባሌን «ተወው» ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም። ዋናው ዓላማ ልጆቹ አውሬ እንዲያዩ ከሆነ፣ ዲንሾን የሚያህል ቦታ የለም። በሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ አድርገህ አስፋልት ለአስፋልት በኮሮላ ትደርሳለህ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፣ አካባቢው ላይ በእግርህ ጫካው ውስጥ ስትሄድ ደጋ አጋዘን አጠገብህ ቆሞ ያይሃል፣ ከርከሮውም ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ታገኘዋለህ። መኪና ውስጥ ታፍኖ በመስኮት ማየትና በእግር አጠገቡ መድረስ ለልጅ አንድ አይደለም።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ እዚያው ባሌ፣ ሰነቴ አምባ ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀረው በሙሉ ተደምሮ ጥቂት መቶ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ጠዋት ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ሲጠብቅ ይታያል። ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሹን ልጅ ራሱን ሊያመው ይችላል፣ እዚያ ማደር አያስፈልግም፣ ወጥታችሁ ጎባ ወይም ሮቤ ተመለሱ። ምግብ ወርውራችሁ ቀበሮውን ወደ መኪና አታስጠጉት።

ስለ አንበሳው፣ ለልጆቹ ቃል አትግቡላቸው። ሐረና ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፣ እዚያው የሚኖር ሰውም ግን ድምፁን እንጂ መልኩን ብዙ አያየውም።

እንግዲህ ምረጥ። ወይ ሐይቆቹ፣ ወይ ባሌ። ሁለቱን በ8 ሌሊት አትደባልቅ።

ባለ ኮሮላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የገብርኤሉን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ከእህቴ ጋር ተነጋገርን፣ ሐይቆቹን መርጠናል፣ ባሌን ለቀጣዩ መምጣቷ አስይዘነዋል (ዲንሾ አትቀየመኝ)። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ 15 በጢያ አድርገን ሶዶ እናድራለን። ከ16 እስከ 19 አርባ ምንጭ። 17 ነጭ ሳር በኪራይ መኪና፣ 18 ዶርዜ፣ 19 ከሰዓት ጫሞ ላይ ጀልባ። 20 በሀላባ በኩል ሐዋሳ፣ 21 እና 22 ላንጋኖ፣ 23 በክፍያ መንገዱ ቤት። አብያታ ሻላን የት ላስገባው? ወባስ? ባሏ በጣም ፈርቷል።

ማሚ

ወባው እውነት ነው፣ ፍርሃቱ ትክክል ነው። አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ላንጋኖም ቢሆን ከሐይቅ ዳር ነው የምታድሩት። እዚያው አሜሪካ ሳሉ ሐኪም ያናግሩ፣ ለልጆች የመከላከያ መድኃኒቱ በክብደት ነው የሚሰጠው፣ ከጉዞውም ቀደም ብሎ ይጀመራል። ሆቴል ስትይዝ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቅ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌና ካልሲ አልብሷቸው። ሲመለሱ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብለው እንዳያልፉት፣ የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ። እህትህ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ካላት ይዛው ትምጣ፣ የፓርክ መግቢያ የአገር ሰውና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያያል።

የሐዋሳ ልጅ

አሁን መልክ ያዘ። አብያታ ሻላ 22 ጠዋት ይሁን። የፓርኩ በር ዋናው አስፋልት ላይ ነው፣ ከላንጋኖ ቅርብ ነው። ሰጎንና የሜዳ ፍየል በሩ አካባቢ አታጡም። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ሁለቱ ሐይቆች አብረው የሚታዩበት ከፍታ ላይ ውጡ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፣ ጎኑ ያለው አብያታ ግን ጥልቀት የለውም፣ ከዓመት ዓመት ሲሸሽ ዓይናችን እያየ ነው፣ ያሳዝናል። ውሃው የለቀቀው ዳርቻ ነጭና ደረቅ መስሎ ይታይሃል፣ ሥሩ ጭቃ ነው። ለፍላሚንጎ ፎቶ ብለህ መኪና ይዘህ እንዳትገባበት፣ ጎማው ቅርፊቱን ሰብሮ ይሰምጣል፣ የሚጎትትህም አታገኝም። መኪናውን ጠንካራው ላይ አቁመህ በእግር ሂዱ። ሻላ ዳር ያለው ፍል ውሃ ያቃጥላል፣ ልጆቹን አርቋቸው።

ስኮርታ

አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ጫሞን ከሰዓት አታድርገው፣ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ትንሹ ልጅ ይፈራል። 19 ጠዋት አድርገው፣ አዞዎቹም ፀሐይ ሊሞቁ ዳር የሚወጡት ያኔ ነው፣ ጉማሬም በዚያው ታያላችሁ። የሕይወት አድን ጃኬት በልጆቹ ልክ መኖሩን ጀልባ ከመያዝህ በፊት ጠይቅ፣ ከሌለ ከሌላው ጀልባ ያዝ። ለመነሻህ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ እዚህ ጻፍልኝ፣ የሆሳዕና ሶዶን መንገድ ወቅታዊ ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቄ እነግርሃለሁ።