«እጄ አመድ አፋሽ ነው» ሲባል እጁ ምን አጠፋ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ትናንት አንዲት የማከብራት ሴት ስታማርር «የኔ እጅ እኮ አመድ አፋሽ ነው» አለች። ብዙ ሰው የረዳች ናት። ከረዳቻቸው አንዱ ስሟን ሲያጠፋ ሰምታ ነው። ትርጉሙ ይገባኛል፣ ደግ ሠርቶ ክፉ መቀበል ነው። ያልገባኝ የእጁ ነገር ነው። ሰውዬው ከድቷት እጇን ለምን ትወቅሳለች? ደግሞ ክርስቲያን ናት፤ «እጅ የተሰጠን መልካም እንድንሠራበት ነው» የሚለው አባባል ከአፏ አይጠፋም። ሁለቱ እንዴት ነው የሚስማሙት?

ፊደል ቆጣሪ፦ «አመድ አፋሽ ነኝ» ብቻም ይባላል። ግን አማርኛ ሰውን ከእጁ ነጥሎ ማውራት ይወዳል። ሰው ሲቸግረው እጁ ነው የሚያጥረው። ሌባው «የእጅ አመል አለበት» ይባላል፣ ሰውዬው ጨዋ ሆኖ እጁ ብቻ ያስቸገረ ይመስል። ምርቃቱም እንደዚያው ነው፣ «እጅህ ይባረክ»፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው»። የሚመረቀው እጁ ነው፤ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ «አሜን» ይላል። ስለዚህ ወዳጅህ እጇን የወቀሰችው ቋንቋው ስላስለመዳት ነው።

በነገራችን ላይ «የእጁን አገኘ» የሚለውን አስተውሉት። ለመልካም ነገር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ኢሳይያስ 3፥10 እና 11ን ሳነብ ትዝ አለኝ። ጻድቁ የሚበላው የሥራውን ፍሬ ነው። «እጅ» የሚለው ቃል የሚመጣው ለበደለኛው ብድራት ሲነገር ነው። አማርኛችን ከዚያ ቀድቶት ይሁን በራሱ መንገድ ደርሶበት አልከራከርም፣ ግን ገረመኝ።

አዲስ ገቢ፦ «አበጀ» የሚለውስ? «በእጅ» ከሚለው የመጣ አይመስላችሁም? መዝሙር 119፥73 «እጆችህ ሠሩኝ አበጃጁኝም» ይላል። እጅና ማበጃጀት አንድ መስመር ላይ!

ፊደል ቆጣሪ፦ ያምራል፣ ግን አይሆንም እህቴ። «አበጀ» የ«በጀ» ልጅ ነው። «ይበጅሃል»፣ «አይበጅም» በይና ሞክሪው፤ እጅ የሚባል ነገር አታገኚበትም። መጥቀም፣ መስማማት ነው ነገሩ። ሲገጣጠም ማማሩን አልክድም። ሰባኪ ቢጠቀምበት ዝም እላለሁ፣ መዝገበ ቃላት ላይ ካየሁት ግን እጮሃለሁ።

የ«እጅ» እውነተኛ ዘር ግዕዙ «እድ» ነው። ዕብራይስጡ «ያድ»፣ ዐረብኛው «የድ» ዘመዶቹ ናቸው። ድ ወደ ጅ የተቀየረችበት መንገድ ዛሬም አለ፤ ለወንድ «ሂድ»፣ ለሴት «ሂጂ»። አሮጌው «እድ» ደግሞ ጨርሶ አልሞተም። «እደ ጥበብ» ስንል አለ። «አንብሮተ እድ» ስንልም አለ፣ ካህን ሲሾም እጅ የሚጫንበት ሥርዓት ነው። ፊደላችን ራሱ እጅ አለበት። የ«ከ» ስም «ካፍ» ነው፣ በዕብራይስጥ መዳፍ ማለት ነው። የ«የ» ስም «የማን» ነው፣ በግዕዝ ቀኝ። ሀ ሁ ስንቆጥር መዳፍና ቀኝ እጅ እየቆጠርን ነበር ማለት ነው።

አዲስ ገቢ፦ እሺ ተሸነፍኩ። «እጅ መንሻ»ስ? መንሳት መከልከል አይደል? እጅ ከልክሎ ስጦታ ምን ማለት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ግዕዙ «ነሥአ» መውሰድም ማንሳትም ነው። «አነሳ»፣ «ተነሳ» ከዚያው ናቸው። መከልከል የሚለው የ«ነሳ» ትርጉም ከመውሰዱ በኩል የመጣ ነው፣ የወሰዱበት ሰው ተነሳ ይባላላ። «እጅ ነሳ» ግን የአክብሮቱ ነው፣ ሰው ፊት ዝቅ ማለት፣ ማመስገን። ማቴዎስ 2፥11 ላይ ሰብአ ሰገል ያመጡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ በአማርኛው «እጅ መንሻ» ነው የተባለው። አሁን አሁን ይኸው ቃል ጉቦን ለስለስ አድርጎ መጥሪያ ሆኗል። ከሕፃኑ ፊት ተነስቶ የት ደረሰ!

የድሮ ተማሪ፦ ልጆቼ፣ ወደ ጥያቄው ልመልሳችሁ። እኔ ስለ እጅ አንድ ቃል የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአባቴ አልጋ አጠገብ ነው።

ማርቆስ 3 ላይ «እጁ የሰለለች ሰው» ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ። «ሰለለ» ሲባል የቀጠነ፣ የደረቀ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ። (የሰላዩን «ሰለለ» ለብቻው ተዉት፣ እሱ ሌላ ነው።) ከዚያ አባቴን ግማሽ አካሉን መታው። ግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደተቀመጠች ትውላለች። ሊገላበጥ ሲፈልግ በቀኙ አንስቶ ነበር የሚያስቀምጣት፣ ቀስ ብሎ፣ የሰው ዕቃ እንደሚያዛውር። ጣቶቿ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ሄዱ። ጥፍሯን ስቆርጥለት መጀመሪያ መዳፏን በአውራ ጣቴ መክፈት ነበረብኝ፤ ስለቃት ትመለሳለች። አንድ ቀን ያንን ሳደርግ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። የሚያየው ግን የኔን እጅ አልነበረም፣ የራሱን ነበር። የሰለለች እጅ ማለት መስጠትም መቀበልም ያቃታት እጅ መሆኗ ያኔ ገባኝ። ሰላምታ እንኳ አትቀበልም።

አሁን ምዕራፉን እንደገና አንብቡት። ቀኑ ሰንበት ነው። ኢየሱስ ሰውየውን መካከል ያቆመውና «በሰንበት በጎ ማድረግ ተፈቅዶአልን ወይስ ክፉ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የለም። ከዚያ «እጅህን ዘርጋ»። «ዘረጋትም»። አማርኛው እጅን ሴት አድርጎ «የሰለለች»፣ «ዳነች» ማለቱ ልቤን ይነካዋል፣ አንዲት የቤተሰብ አባል የተመለሰች ይመስላል። ሉቃስ ደግሞ ቀኝ እጁ እንደነበረች ይነግረናል፣ ሌሎቹ አይነግሩንም። ለብዙ ሰው የሥራ እጁ ቀኙ ነው። ሰውዬው የተሰጠው ጤና ብቻ አይደለም፣ መሥራትና መስጠት የሚችልበት ነገር ጭምር ነው።

እና አመዱስ? ቁጥር 6 ላይ ነው ያለው። ፈሪሳውያን ወጡና እንዴት እንደሚያጠፉት ተማከሩ። እጅ ያዳነው እጅ እዚያው ቦታ፣ ያችው ቀን ሳይመሽ አመድ አፈሰ። ጠያቂ ልጄ፣ ወዳጅህ ሁለቱን አባባሎች አንድ ላይ መያዟ ስህተት አይደለም። ወንጌሉም አንድ ላይ ነው የያዛቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር። «አፈሰ»ን አስቡት። ማፈስ የሚቻለው በተከፈተ እጅ ነው። በጡጫ አይታፈስም፣ አመድም ይሁን እህል። ዘዳግም 15 ላይ ሙሴ የሚከለክለው በድሃ ወንድም ላይ እጅ መጨበጥን ነው፣ የሚያዝዘው ደግሞ መክፈትን። እጁን የጨበጠ ሰው አመድ አያፍስም፣ ልክ ነው። ሌላም ምንም አያፍስም።

አዲስ ገቢ፦ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ኤፌሶን 4፥28 ነው። የሚሰርቅ ሰው ከእንግዲህ አይስረቅ ይላል። እዚያ ላይ ነጥብ አድርጎ ቢያቆም ሕግ ይሆን ነበር። ግን ይቀጥላል፣ በገዛ እጆቹ መልካም እየሠራ ይድከም፣ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው። ያው የሰረቀበት እጅ ነው እኮ! ቅድም ያልከው የእጅ አመል ያለበት። «ቁረጠው» አላለም፣ ሥራ ሰጠው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ይሄንን ቤት የሚመለከት ደግሞ አንድ አለ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ፣ የባስልዮስ ወንድም፣ በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ሰው አፈጣጠር ሲጽፍ እጅን ከንግግር ጋር ያገናኘዋል። ክርክሩ እንዲህ ነው። ሰው እጅ ባይኖረው ምግቡን በአፉ ከመሬት ማንሳት ነበረበት። ያኔ ከንፈሩ ወፍራምና ጠንካራ፣ ፊቱም ወደ ፊት የሾለ ይሆን ነበር፣ እንደሚግጡ እንስሳት። እንዲህ ያለ አፍ ደግሞ ቃል አይወጣውም፤ ይጮኻል እንጂ አይናገርም። እጅ የመመገቡን ሥራ ስለወሰደ አፍ ለንግግር ነፃ ወጣ ይላል። በዚያም አያበቃም፣ ስንጽፍ በእጃችን እየተነጋገርን ነው ይላል። አሁን እዚህ ተሰብስበን የምናደርገውን ማለት ነው። የአካል ጥናት ምሁር ምን እንደሚለው እሱ ይወቅ፣ እኔ ግን ስለ ቃል የሚጨቃጨቅ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሐሳብ ይመስለኛል። «እጅ ለበጎ ተሰጠ» ስንል ምጽዋቱ ብቻ ነው የሚታየን፤ ለእሱ ቃሉም ከእጅ የተገኘ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ያኔ ስም ማጥፋትም ከእጅ የተገኘ ነው በለኛ። የጠያቂው ወዳጅ ስሟ የጠፋው በአፍ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ይቺን አልመለስኩም።

የድሮ ተማሪ፦ ከመበተናችን በፊት፣ ማቴዎስ 6፥3 ላይ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ይላል። «እጅ» የሚለው ቃል የለም፣ ግሪኩም ላይ የለም። ቀኝና ግራ ብቻ። ሁላችንም ግን እጅ ብለን ነው የምናነበው። አመድ አፋሽነት የሚያንገበግበው ሰው ግራው ሁሉን የምታውቅበት ይመስለኛል። እኔም ራሴ ስንቴ እንደቆጠርኩ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እጅ እነሳለሁ። የጻፋችሁትን በስልክ አነበብኩላት፣ የማርቆስን ቁጥር 6 ጨምሮ። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ «ጥሩ ነው፣ ግን እኔ ግራዬም ቀኜም የት የት ምን እንደሰጡ አሳምረው ያውቃሉ» ብላ ሳቀች። ሰውዬው ስሟን እያጠፋም ዛሬ ጠዋት ደውሎ ገንዘብ ጠይቋታል። ሰጠሽው ወይ ስላት «እጄን ጠይቃት» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው።