የትምህርት ማስረጃዬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለመለጠፉ ምክር ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ለማጣራት በሚል ከግል ማኅደራችን ያወጣውን የውጤት መግለጫ፣ የየኮርሱ ነጥብና የተማሪነት ፎቶግራፋችን ሳይሸፈን፣ ባለጉዳይ ሁሉ በሚያልፍበት ሰሌዳ ላይ ለጥፎታል። ማጣራቱን አልቃወምም፤ እንዲያውም ሊዘገይ የማይገባው ሥራ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የሰው ሀብት ኃላፊው «ማኅደሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው» ከማለት በቀር በጽሑፍ መልስ አልሰጡኝም። ወረቀቱ በአስቸኳይ እንዲነሣ አቤቱታዬን በቅድሚያ የማቀርበው ለዞኑ ሲቪል ሰርቪስ መምሪያ ነው ወይስ ለእንባ ጠባቂ ተቋም? የሕግ ባለሙያዎች እባካችሁ አመልክቱኝ።