ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከበዛ ለባሕር ፕላንክተን ጥሩ አይደለም እንዴ?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ቲቸራችን ምድር ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉን የሚያመርተው የባሕር ፕላንክተን (ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን ፍጥረታት) ነው ሲለን ገርሞኝ ሳነብ አደርኩ። ግን ፕላንክተኑ እንደ ተክል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚጠቀም ከሆነ ካርቦኑ ሲበዛ ይፋፋል እንጂ ለምን ይጎዳል ይላሉ? ኦክስጅንስ አያልቅብንም? የሚያውቅ ያስረዳኝ በአላህ።

ቧንቧ ውሃ፦
አብሽር ወንድሜ። የጤፍ ማሳ አስብ፣ ፀሐይና አየር ሞልቶለት መሬቱ ማዳበሪያ ካጣ ይቀጭጫል አይደል? ባሕርም እንደዛው ነው። ብርሃኑ ላይ ነው፣ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ግን የሞተው ሁሉ እየሰመጠ ስለሚበሰብስ ታች ነው የሚከማቸው። ሐይቁ ላይ ስትዋኝ ደረትህ ጋ ሞቅ ብሎ እግርህን ወደ ታች ስትሰድ የሚበርድህ ነገር አለ አይደል፣ እሱ ነው ነገሩ፣ ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ ላይ ይተኛል ቀዝቃዛው ይከብዳል፣ ካርቦኑ ሲበዛ ደግሞ ምድርን ያሞቃል፣ ላይኛው ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ነፋሱ ሁለቱን ማደባለቅ ያቅተዋል ማዳበሪያውም ታች ታስሮ ይቀራል። ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ እንደ ፈረንጅ በ2003 የወጣ ጥናት የአልጌው (እንደ ተክል በብርሃን የሚያድገው ፕላንክተን) ምርት 20 ከመቶ ገደማ ሳይቀንስ እንዳልቀረ ገምቷል። ኦክስጅኑ እንኳ አያልቅም፣ አየሩ ውስጥ ያለው ክምችት በጣም ብዙ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ዓሣውና በዓሣው የሚኖረው ሰው ነው።

የኮምቦልቻዋ፦
እኔም ልጨምር። ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይመጥጠዋል፣ ውሃ ሲገባ ደግሞ አሲድ ይሠራል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ ጨመረ ማለት ነው) 8.2 ገደማ የነበረው አሁን ወደ 8.1 ወርዷል፣ ትንሽ ይመስላል ግን ትንሽ አይደለም። የእንቁላል ቅርፊት ኮምጣጤ ውስጥ ከትተሽ እይው ተብዬ ሠርቼው አውቃለሁ፣ አረፋ እያወጣ ሲሳሳ በዓይኔ አየሁት። ባሕሩ ኮምጣጤ ሆነ ማለቴ አይደለም ግን ቅርፊት የሚሠሩት ፕላንክተኖች፣ ለምሳሌ ቀንድ አውጣ የምትመስለው ቴሮፖድ፣ መገንባቱ ይከብዳቸዋል። ሁሉም ይጠፋል ማለትም አይደለም፣ ሙቀት የሚወደው ቦታ ይይዛል ቅዝቃዜ የለመደው ይሸሻል። ሰሜን ባሕር ላይ ካላነስ የሚባለው ቅዝቃዜ የሚወድ የእንስሳ ፕላንክተን ወደ ሰሜን ሲሸሽ ኮድ የሚባለው ዓሣ ጫጩቶች በሰዓቱ የሚበሉት አነሳቸው።

የሐይቁ ልጅ፦
ኑሩልኝ! አጎቴ እዚሁ ቆሮሶ ያጠምዳል፣ የኛን ውሃ በምን ላየው እችላለሁ?

ቧንቧ ውሃ፦
ነጭ ሳህን ድንጋይ አስረህበት በገመድ ከጀልባ ላይ ቀስ እያልክ አውርድ፣ ከዓይንህ ሲጠፋ ገመዱን ለካ። ፕላንክተኑ ሲበዛ ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል። ክረምት ላይ ጎርፍ የሚያመጣው ደለልም ስለሚያደፈርሰው ዝናብ መዝነቡንም ጻፍ፣ በየወሩ በዛው ሰዓት በዛው ቦታ።