የቱቦ ድምፅ ስሌት፦ የባሕር ዳርን ከፍታ ሳስገባበት ለምን ይፈነዳል?

የጣና ዳር ልጅ
ሰላም ወገኖች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ስላለ እርዱኝ።

አንድ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ አለኝ፤ ባለ 110 የሚባለው፣ ውስጡ 10.4 ሳንቲ ሜትር። አንዱን ጫፍ በክዳን ዘግቼ ክዳኑ ላይ ትንሽ ስፒከር ገጥሜያለሁ፤ ሌላው ጫፍ ክፍት ነው። በውስጡ የሚሄደውን ሞገድ በፓይተን፣ በፋይናይት ዲፈረንስ (ቱቦውን በነጥቦች፣ ጊዜውን በትንንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ በማስላት) አሰላለሁ። ነጥቦቹ በ1 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ የጊዜ እርምጃው 27.5 ማይክሮ ሰከንድ ነው። በባሕር ጠለል አየር ሰላም ነበር። እኛ ግን 1800 ሜትር ላይ ነን፣ አየራችን ሳሳ ይላል ብዬ እፍግታውን በኪዩቢክ ሜትር ከ1.185 ወደ 0.953 ኪሎ ግራም ስቀይረው፣ መቶ እርምጃ ሳይሞላ ግፊቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ እያለ ይፈነዳል፤ ቁጥሩ ያለ ልክ ያድጋል።

ሌላው፣ በደህናው ስሌት ሁለተኛው ሬዞናንስ (ቱቦው ጎልቶ የሚያስተጋባበት ድምፅ) 259.5 ሄርዝ ነው። የሐይቁ ነፋስ ጋብ ሲል፣ ባጃጁም ሲያርፍ ሌሊት ስለካው ግን 251 አካባቢ ነው። ቱቦውን ሦስቴ ለካሁት፣ አንድ ሜትር ነው።

ማርሚታ ሠሪው
ወንድሜ፣ በልክ ሞዱለሱንስ (አየሩ ላለመታመቅ ያለውን እምቢታ) ቀየርከው? ሳትነካው ቀርተህ ይመስለኛል። እሱ 1.4 ሲባዛ በአየሩ ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ 142 ኪሎ ፓስካል፣ እኛ ጋ 114 ገደማ። ከፍታ ሲጨምር በልክ ሞዱለሱና እፍግታው አብረው ስለሚወርዱ የድምፅ ፍጥነት ከፍታን አያውቅም፤ የሚያውቀው ሙቀትን ነው። በ25 ዲግሪ እዚህም ምፅዋም 346 ሜትር በሰከንድ ነው። አንተ እፍግታውን ብቻ ስታወርድ ፕሮግራምህ 386 አደረገው። በዚያ ፍጥነት ድምፁ በአንድ እርምጃ 1.06 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ከነጥቦችህ ርቀት አለፈ ማለት ነው። የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ በ1928 ያስቀመጡት ገደብ ይኸው ነው፦ ሞገዱ በአንድ እርምጃ ከነጥቦቹ ርቀት ማለፍ የለበትም። ያየኸው የመጋዝ ጥርስ ደግሞ በየእርምጃው እጥፍ እየሆነ ያድጋል፤ መቶ አለመሙላቱ አይገርምም።

ሙቀትን አደራ። ሐይቅ ዳር ላለ ጄኔሬተር ማርሚታ ስሠራ በቀዝቃዛ አየር ፍጥነት አስልቼ ቆረጥኩት። ጭሱ 300 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 480 ሜትር ይሮጣል፤ ላፍነው የፈለግሁት ጉምጉምታ እንዳለ ቀረ። ብረቱን እንደገና ገዝቼ ነው ያስተካከልኩት።

ፊዚክስ አስተማሪ
በሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። ክፍቱ ጫፍ ላይ ግፊቱን ዜሮ አድርገሃል፣ አይደል? አየሩ ግን አፉ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከቱቦው ውጭ ያለው ትንሽ አየር አብሮት ይወዛወዛል፣ ቱቦው የረዘመ ያህል ይሆናል። ሌቪንና ሽዊንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1948 ባወጡት ስሌት ጭማሪው የራዲየሱ 0.61 እጅ ነው። ያንተ 3.2 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ዋሽንት ነፊ ይህን በጆሮው ያውቀዋል፣ ሸምበቆውን አሳንሶ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማስላትህ እስከ 1900 ሄርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚያዋጣህ። ከዚያ በላይ ሞገዱ በቱቦው ወርድም መወዛወዝ ይጀምራል።

የጣና ዳር ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ! በልክ ሞዱለሱ 142 ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወደ 114 አውርጄ ርዝመቱን 1.032 ስለው ቀጥ ብሎ ሮጦ 251.5 ሰጠኝ። ዛሬ ሌሊት ቱቦውን ሰባ ሳንቲ ሜትር ላይ ቆርጬ እለካዋለሁ፤ ስሌቱ 354 ይላል።