ከኑክሌር ማመንጫ ስንት ኪሎ ሜትር ሲራቅ ነው ሰላም የሚሆነው?

ግራገባው
ሰላም ሰዎች፣ የኑክሌር ማመንጫ ካርታ እያየሁ ነበር፣ ዙሪያውን ክብ ክብ ተሰምሮበታል አንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንዱ 30 ምናምን ይላል። እና 4 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው በየቀኑ ጨረር እየወሰደ ነው፣ 6 ላይ ያለው ደግሞ ምንም አይነካውም ማለት ነው? ከሆነስ ለምን እዛ ሰው እንዲኖር ይፈቀዳል? ፎርሙላ እንዳትጽፉብኝ ብቻ

ዶዝ ቆጣሪ
ኧረ አይደለም። ክቦቹ የተሰመሩት አደጋ ቢደርስ ማን ቀድሞ ይውጣ የሚለውን ለማቀድ ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለትልልቅ ሪአክተሮች የሚመክረው፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለ ሰው ከባድ አደጋ መምጣቱ እንደታወቀ ጨረሩ ገና ሳይወጣ እንዲነሳ ነው፣ ከዛ እስከ 15 ወይም 30 ያለው ደግሞ እየተለካ እንደ ሁኔታው ቤቱን ዘግቶ ውስጥ ይቀመጣል ወይ ይወጣል። ከሁሉም በፊት ማመንጫው ራሱ የሚቆጣጠረው ሰው የማይኖርበት መሬት አለ።

አደጋ በሌለበት ቀን ግን ጎረቤቱ ላለ ሰው ከማመንጫው የሚደርሰው በአብዛኛው በዓመት ከ0.01 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚወስደው ጨረር መለኪያ) በታች ነው። ከተፈጥሮው ውጪ ለሕዝብ የተቀመጠው ጣሪያ 1፣ ሁላችንም ከተፈጥሮ የምንወስደው በአማካይ 2.4። ከማመንጫው ይልቅ ከመሬት ወጥቶ ቤትህ ውስጥ የሚጠራቀመው ራዶን ጋዝ ይበልጥብሃል 😅

ነፋሻው
ልክ ነው ግን ክቡን ብዙ አትመኑት፣ ነፋስ ክብ አያውቅም። የጃፓኑ ፉኩሺማ ማመንጫ አደጋ ጊዜ (ማርች 2011 እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያላችሁ ውጡ አሉ፣ በማግስቱ ጠዋት 10 ሆነ፣ ማታ 20። ኢታቴ የምትባል መንደር አለች፣ አብዛኛዋ ከ30 ኪሎ ሜትር ውጪ ስለሆነች ልቀቁ ያላትም የለ፣ እንደውም ከሌላ ቦታ የሸሹ ሰዎች እሷ ጋ ተጠልለው ነበር። ማርች 15 ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረና ዝናብና በረዶ ጨረር ያለበትን ብናኝ እዛው ላይ አወረደው። ልቀቁ የተባሉት ከወር በላይ ቆይቶ ነው! ከማመንጫው በጣም የሚቀርቡ አንዳንድ ቦታዎች ከነሱ ያነሰ ነው የደረሳቸው።

ሚሚ
እና አዮዲን ኪኒን ገዝቶ ማስቀመጥ ይጠቅማል?

ዶዝ ቆጣሪ
ሚሚ፣ ኪኒኑ ታይሮይድን (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ጤነኛው አዮዲን ቀድሞ ዕጢውን ይሞላውና ጨረር ያለበት አዮዲን ቦታ ያጣል። በአደጋ ጊዜ ለሚወጣው ሌላ ጨረር ያለበት ንጥረ ነገር፣ ለሲዚየም፣ ምንም አይሠራም። የሚወሰደውም ጨረሩ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይ ወዲያው እንደደረሰ ነው፣ ያውም ውሰዱ ሲባል። ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናትና እርጉዞች ናቸው። ስዊዘርላንድ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ላሉ ሰዎች ቀድማ ታድላለች።

ዩክሬን ውስጥ ቼርኖቤል ማመንጫ ሲፈነዳ የልጆቹን ታይሮይድ በዋናነት የጎዳው ወተት ነው። ብናኙ ሣር ላይ አረፈ፣ ላሟ ጋጠችው፣ ልጅ ጠጣው። ጨረር ያለበት አዮዲን (አዮዲን 131) በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ያንን ወተት ለተወሰኑ ሳምንታት ማቆም ብቻ ብዙ ልጅ ያድን ነበር፣ ይሄ ነው ሁሌ የሚያናድደኝ። አሜሪካም ለመውጫ 16 ኪሎ ሜትር፣ ለምግብና ውሃ ቁጥጥር ግን 80 ያደረገችው ለዚህ ነው።

ግራገባው
ገባኝ። እንግዲያው ክቡን 100 አድርጎ ሁሉንም ማስወጣት አይሻልም?

ነፋሻው
አይሻልም። ፉኩሺማ ላይ የሆስፒታል በሽተኞችና አዛውንቶች በችኮላ አውቶብስ ላይ ተጭነው ብዙ ሰዓት ተጉዘው የሞቱ አሉ፣ በአውራጃው ከመፈናቀሉና ከእንግልቱ ጋር ተያይዞ የተመዘገበው ሞት ደግሞ ከ2,000 በላይ ነው። መንገዱ በመኪና ከተዘጋ ደግሞ ብናኙ መኪና ውስጥ ያገኝሃል፣ መኪና ደግሞ እንደ ግንብ ቤት አይከልልም። ቤት ዝጉ ከተባልክ መስኮት ዝጋ፣ ከውጪ አየር የሚስበውን ማራገቢያ አጥፋ፣ ውጪ ከነበርክ ልብስህን በር ላይ አውልቀህ ላስቲክ ውስጥ ክተትና ገላህን ታጠብ፣ ከዛ ሬዲዮ ክፈት።