የምግብ ቤት በረንዳ ላይ ማጨስ፦ 10 ሜትሩ የሚለካው ከየት ነው?

ባለ በረንዳው (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። አንድ አዳራሽ፣ በሩ ፊት ለፊት ሸራ የለበሰ በረንዳ፣ ከዚያ ወዲያ ግቢ ነው፤ ከበሩ እስከ አጥሩ 15 ሜትር ያህል ይሆናል። አጫሾቹን በረንዳው ላይ አድርጌ የአየር መሳቢያ ባስገጥም ያስኬዳል? ባንኮኒ ላይ ሲጋራም እንሸጣለን።

ሜትር በእጁ፦
አያስኬድም ወንድሜ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልበት ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ጨርሶ ከልክሏል። የአጫሾች ክፍል ብሎ መለየትም አይቻልም። በዚያ ላይ ከበር፣ ከሚከፈት መስኮትና ከአየር ማስገቢያ 10 ሜትር ድረስ አይጨስም። ያንተ በረንዳ በሩ አፍ ላይ ስለሆነ ሸራውን ብታነሳውም አይተርፍም።

ስትለካ ከዋናው በር ብቻ አትነሳ። ከእያንዳንዱ በርና ከሚከፈት መስኮት ጠርዝ ለየብቻ ለካ፤ የወጥ ቤቱንና የመጸዳጃ ቤቱን መስኮት ብዙ ሰው ይዘነጋቸዋል። ከግቢህ የሚተርፈው ቢበዛ የመጨረሻው 5 ሜትር ነው። አጥሩ ሥር የጎረቤት ካፌ መስኮት ካለ ደግሞ እሱም ሄደ። እኔ ብሆን ግቢውን በሙሉ እከለክላለሁ፤ አስተናጋጅ ሜትር ይዞ አይዞርም።

ካፌ ወዳዱ፦
ጠንካራ መሳቢያ ካለ ግን ጭሱ ይወጣል እኮ።

አየር ማናፈሻ፦
የሚቀንሰው ሽታው ነው። ጭሱ መሳቢያው ጋ እስኪደርስ አስተናጋጁ ስቦታል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ የክፍሉን አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ከውጪ አያስገባም። ማጣሪያም ብናኙን ቢይዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያሳልፋል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አለ፤ የአንቀጽ 8 መመሪያው ማናፈሻም ማጣሪያም ከጭስ እንደማይከላከሉ በግልጽ ያስቀምጣል። ብርህን አታባክን።

ሕጉን እናንብብ፦
ስለ ሽያጩ፦ ፓኬት ፈትቶ በነጠላ መሸጥ ክልክል ነው። ዕድሜው 21 ላልሞላም አይሸጥም። እዚህ ላይ ገንዘብ ተቀባዮች የሚሳሳቱት በዘመን አቆጣጠር ነው። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን የኢትዮጵያ ዓመት ስልኩ ላይ ካለው የፈረንጅ ዓመት ከቀነሰው 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመርለታል፤ የ14 ዓመት ልጅ 21 ሞልቶት ቁጭ ይላል። ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር ይሁኑ።

የሲጋራ ስም ያለበት ጃንጥላ፣ ፖስተር፣ መተርኮሻ ካለህ አንሳ፤ ማስታወቂያ ነው። ስም የሌለውን መተርኮሻም አታስቀር፤ ጠረጴዛ ላይ ካለ «አጭስ» እንዳልከው ነው። ሱቅ በደረቴዎች ገብተው በነጠላ እንዳይሸጡ ለጥበቃው ንገረው።

ባለ በረንዳው (ጠያቂ)፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ትምባሆ የሌለበት ነው የሚሉት የፍራፍሬ ሺሻስ? አልታዘዝም የሚል ደንበኛ ሲመጣስ?

ሕጉን እናንብብ፦
ሺሻም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም መሸጥ ተከልክሏል። «ትምባሆ የለውም» የሚለውን ተወው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚመጣው ከከሰሉ ነው።

ሜትር በእጁ፦
ደንበኛውን በተመለከተ፣ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ምልክት በመግቢያው፣ በመጸዳጃ ቤቱና በደረጃው ላይ አስቀድመህ ስቀል። ያለ ምልክት ክርክሩ አያልቅም። አስተናጋጇ መጀመሪያ በትሕትና «ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቢያጠፉልን» ትበል። እንቢ ካለ መስተንግዶው ይቁም፣ ሂሳቡ ይምጣ፣ ኃላፊው ይነጋገር። ከዚያ ወዲያ ለጥበቃና ለፖሊስ ነው። አስተናጋጇ ብቻዋን እንድትጋፈጠው አታድርግ፤ ጉርሻዋን ከሱ የምትጠብቅ ልጅ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተደረገውን መዝገብ ላይ አስፍር፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከአጫሹ ጋር እንዳልተባበርክ የምታሳየው በእሱ ነው።