በቤት የሠራሁት የብረት መፋቂያ ማሽን እየነዘረ አስቸገረኝ

ሰላም የሙያ ወዳጆች። ያረጀ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) አለኝ። መቁረጫው የሚንሸራተትበት ሐዲድ ስለተበላ፣ ከፍ ያለውን ቦታ እንዲያሳየኝ ሰማያዊ ቀለም እየቀባሁ በእጅ ስፍቅ ሁለት ወር አለፈኝ። ወገቤ አለቀ!

የፋብሪካውን መፋቂያ ዋጋ ስሰማ ተውኩት። ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነበረኝ፣ እሱን ፈታሁት። የምላጩ ጉዞ 28 ሚሊ ነው፤ ለመፋቅ በጣም ይረዝማል። ጉዞው ምላጩን የሚያመላልሰው ፒን ከሚሽከረከረው ጎማ መሃል የራቀበት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከመሃል 4 ሚሊ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቼ ጉዞውን 8 ሚሊ አደረግኩት። ጫፉ ላይ ካርባይድ በነሐስ በየድኩ፤ በአልማዝ ድንጋይም በትንሹ ቀስት አድርጌ ሞረድኩት። እዚህ ድረስ ኮርቼ ነበር።

ሳስነሳው ግን እጄን ያደነዝዘኛል። ጊዛው (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው የሐዲዱ ብረት) ላይም ንጹሕ ምልክት ሳይሆን መሰላል የመሰለ ሽንትር ይተዋል። የጠረጠርኩት ንዝረቱን እንዲያጠፋ ከምላጩ በተቃራኒ የሚሄደውን የሚዛን ክብደት ነው። የተሠራው ለድሮው የፒን ርቀት፣ ለ14 ሚሊ፣ ስለሆነ አሁን ሳይበዛ አይቀርም። በዲመር (የኤሌክትሪክ ኃይል መቀነሻ) ፍጥነቱን ስቀንስ ንዝረቱ ይበርዳል፣ ግን ጉልበት ያጣል። ብረቱን ገና ሲነካ ቀጥ!

ከክብደቱ ላይ እየቆረጥኩ ልሞክር? ወይስ ዲመሩን ትቼ በፑሊና በቀበቶ ፍጥነቱን ላውርድ? የምላጩ ዘንግ 3 ሚሊ ውፍረት አለው፤ ምናልባት ሽንትሩ የመጣው ከእሱ መተጣጠፍ ይሆን? አንድ ጊዜ ከቆረጥኩ መመለሻ የለውም፤ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር የሠራ ካለ እባካችሁ ከየቱ እንደምጀምር ንገሩኝ።